በቁራኛ ወደ ሀዋታ

ትራክተሩ ከገዳሪፍ ወጥቶ የሀዋታን መንገድ ሲይዝ ተጎታቹ ዘመመና ጀማሉ ቁልቁል ሊሄድ ደረሰ። ያተረፈው የደመቀ ጋቢ ነው። የሁለቱ ጋቢ ጫፍና ጫፍ አንድ ላይ ተቋጥሯል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወደደም ጠላም ይይዘዋል። ደመቀ ጎትቶ መለሰውና ፊቱን ወደ ማሽላው አዞረ። ጀማሉ አላመሰገነም፤ ምን ብሎ ያመስግን? ይኼ ሰው ወንድሜን ገደልክብኝ ብሎ የከሰሰው ሰው ነው።

ከፊታቸው ሉጥፊ የሚባለው ሽማግሌ ፖሊስ ጠመንጃውን በእግሮቹ መካከል አቁሞ፣ የክሱን ፋይል በላስቲክ ጠቅልሎ ታቅፎ ያንጎላጃል። ነሐሴ ፲፱፻፺ ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ የጠገበበት ጊዜ። የዚያ አገር ጥቁር አፈር አመሉ ክፉ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ቦክቶ ትራክተር ይውጣል። ጀማሉ ግን ጭቃውን አልነበረም የሚፈራው። ጎኑ ላይ የሚተነፍሰውን ሰው፣ ከዚያም ብሶ መንገዱ መጨረሻ ላይ የሚጠብቁትን የዚያን ሰው ዘመዶች ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከአህያ ነው። ጀማሉ የጎንደር ጀበርቲ ነው፤ ከሀዋታ ወዲህ ባለው የሰሊጥ እርሻ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችው፣ ስኳርና ትምባሆ፣ ባትሪ ድንጋይና ሳሙና ይሸጣል። ውሃ የምታመላልስለት አህያ ሰሊጥ ገባች። ሰሊጡን የሚጠብቀው የደመቀ ታናሽ ወንድም ዓባይነህ በዱላ እግሯን ሰበራት። ጀማሉ እያነከሰች ስትመጣ ሲያያት ደሙ ፈላ፤ ያን ሁሉ አራሚ ሠራተኛ ምስክር አድርጎ፣ «ያንተንም እግር ባልሰብር ከአባቴ አልተወለድኩም» ብሎ ፎከረ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል። በማግስቱ ማታ ዓባይነህ ከሐፊሩ፣ እርሻው የዝናብ ውሃ ከሚያጠራቅምበት ትልቅ ጉድጓድ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተንሳፍፎ ተገኘ።

አጎታቸው አዛናው ለቀብሩ ደረሰ። ፋው ከተማ በቀን ሥራ ላይ ሳለሁ መርዶ መጣብኝ አለ። ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ አልቅሶ ሲያበቃም ጣቱን ወደ ጀማሉ ሱቅ ቀሰረ። «ፎክሮ ገደለው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አለ። ጎረምሶቹ መጥረቢያ አነሱ። የጀማሉ ሚስት ሳፊያ በሱቁ በር ላይ ተዘርግታ ተኛች፣ እኔን ረግጣችሁ ግቡ ብላ።

የዚያን ቀን ያተረፉት ግራዝማች ጋረደው ናቸው። ግራዝማች በስድሳዎቹ መጨረሻ ከደርግ ጋር ተዋግተው ወደ ሱዳን የገቡ የአርማጭሆ ሰው ናቸው። አገራቸው ቢቀርም ማዕረጋቸው አብሯቸው ተሰዷል፤ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለ የጎንደር ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «ግራዝማች» የሚላቸው ከተቀመጠበት ተነስቶ ነው። ዱላቸውን በበሩ ላይ አጋደሙና ደመቀን አስጠሩት። የሱን ጋቢ ጫፍ በአንድ እጅ፣ የጀማሉን በሌላ እጅ ይዘው ሰው ሁሉ እያየ ቋጠሩት።

«ይኼ ቁራኛ ነው» አሉ። «የአባቶቻችን እስር ቤት ይኼ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ዳኛ ሳይፈርድ የፈታ ተረታ። ጀማሉ፣ አንተ ብትፈታው ገድያለሁ ማለትህ ነው። ደመቀ፣ አንተ ብትፈታው ክስህን ጣልክ። ደግሞ ስማኝ ልጄ፣ ይኼ ሰው በቁራኛህ ሳለ አንድ ነገር ቢሆን ነፍሱ ካንተ እጅ ትፈለጋለች።»

የሀዋታ ፖሊሶች መጀመሪያ ሳቁ። ይኼን ሁሉ መጥረቢያ ያስቆመው ያ ጨርቅ መሆኑን ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉት። ሁለቱን እንደተቋጠሩ ገዳሪፍ ላኳቸው። ገዳሪፍ ላይ ደግሞ ጉድ ሆነ፤ ተከሳሹን ሂራሳ፣ ማለትም ፍርድ ያላገኘ ሰው ከሚቆይበት ክፍል፣ ሲያስገቡት ከሳሹ አልፈታም ብሎ አብሮ ገባ። ከሳሽ ራሱ ወድዶ ሲታሰር ያየ የለም፤ የጥበቃዎቹ ሚስቶች ሳይቀሩ ሊያዩት ይመጡ ነበር።

እዚያ ያሳለፉት ጊዜ በሰው አፍ ሲነገር ያስቃል፤ ለኖረው ግን አያስቅም። ጀማሉ ሲሰግድ ጋቢው እየሳበው ደመቀም አብሮ ይጎነበሳል። «አንተ ሰውዬ፣ አስልመህ ልትፈታኝ ነው?» አለው አንድ ቀን ደመቀ ጥርሱን ነክሶ። ደመቀ በበኩሉ ፍልሰታን ይዟል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ጀማሉ ከሚጾም ሰው ጎን ፉል መጉረስ አፈረና አብሮት ይውላል። ሲመሽ ግን ሌላ ነው። ደመቀ በእንቅልፉ በተገላበጠ ቁጥር የጀማሉ ቆሌ ይገፈፋል። ቢላውን ፖሊስ ወስዶታል፤ ግን አንገት ለማነቅ ማን ቢላ ይፈልጋል? ጀማሉ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የዚያን ሰው ትንፋሽ እየሰማ ያነጋ ነበር።

በመጨረሻ ዳኛው ፊት ቀረቡ። ዳኛው ቋጠሮውን ትንሽ አዩት። ፋይሉን ገለጡና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ሐፊሩ ዘንድ ባሕሪያ የምትባል ውሃ ቀጂ ነበረች የሚል ቃል አለ፤ ይቺ ሴት የታለች አሉ። አልተጠራችም። ማን ጠየቃት አሉ። ማንም አልጠየቃትም። ዳኛው ፋይሉን ዘጉ፤ ጉዳዩ ወደ ሀዋታ ተመልሶ ሴትየዋ ትሰማ፣ እንደገና ይታይ፣ እስከዚያ ተከሳሹ በጥበቃ ሥር ይቆይ ብለው አሰናበቷቸው።

ጀማሉ ከበሩ ሲወጣ ራሱ ዞረበት። «ሉጥፊ፣ ምን አሉ? ተፈታሁ ወይስ ተፈረደብኝ?»

«ሁለቱም የለም» አለ ሉጥፊ። ከሐበሻ ጋር ኖሮ ኖሮ አማርኛ ይሰባብራል። «ጉዳይ ተመለሰ። አንተ ሂራሳ። ሂራሳ ቅጣት አይደለም፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው። መጠበቅ ነው። እንዳትጠፋ መጠበቅ፣ እንዳትሞት መጠበቅ።»

«ማነው የሚጠብቀኝ?»

ሉጥፊ በአገጩ ወደ ደመቀ አመለከተው።

ያም ሆነ ይህ አሁን መንገድ ላይ ናቸው። ሰሊጡ ከግራና ከቀኝ አብቧል፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ወጥቷል። ጀማሉ በየማሽላው ውስጥ ሰው የተደበቀ ይመስለዋል። ንፋስ ሲያንኮሻኩሸው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ጋቢው ይሳባል፤ ጋቢው ሲሳብ ደመቀ በዓይኑ ጥግ ያየዋል። ፈሪ ነው ብሎ እንዳይስቅበት ደግሞ ያሳል። አይ ሰው! ሞት እየፈራም መሳቂያ መሆንን ይፈራል።

የእርሻው መገንጠያ ጋ ሲደርሱ ትራክተሩ እስከ ማህል ጎማው ሰጠመ። ሾፌሩ ተሳደበ፣ ሞተሩ አጓራ፣ ጭቃው ፈነጠቀ፤ ወይ ፍንክች። ሌላ ትራክተር ካልጎተተው አይወጣም። ሉጥፊ ፋይሉን ብብቱ ውስጥ ከተተ፣ ጠመንጃውን አነገተ፣ ቋጠሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይኼ ከኔ ብረት ይሻላል። እዚህ ቆዩ፤ ያላ፣ መጣን» ብሎ ከሾፌሩ ጋር ወደ ሰፈሩ ጭቃውን እየቀዘፈ ሄደ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ፀሐይ ከደመና ወጥታ አናት ትበሳለች። ጀማሉ ዝምታው አላስቻለውም።

«ደመቀ፣ ወላሂ አልገደልኩትም።»

«ለኔ አትማል።»

«ለማን ልማል?»

«ባሕሪያ ያየችውን ትናገር። አንተ ነህ ካለች፣ ዳኛ አልጠብቅም፣ እኔው ነኝ የማንቅህ። ዕወቀው።»

«አይደለም ካለችስ?»

ደመቀ ዞሮ አየው። ከንፈሩ በጾም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጀማሉ ያን ፊት ከቅርብ ያውቀዋል፤ ከሚስቱ ፊት ቀጥሎ እንደዚያ የተመለከተው ፊት የለም። ያለቀሰ ሰው ፊት ነው። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ ይሻል ነበር አለ በልቡ፤ ክፉን ሰው መርገም ይቀላል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ማሽላው ተንኮሻኮሸ፤ አሁን ግን ንፋስ አልነበረም። አዛናው ክላሹን አንግቶ ወጣ። ከኋላው ሁለት የዘመድ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ኮከብ የሚባለው የደመቀ የአጎት ልጅ ነው፣ መጥረቢያ ይዟል። ሌላው ስሙን ጀማሉ የማያውቀው ዱላ የያዘ ጎልማሳ ነው።

«ደመቀ፣ እንደምን ዋልክ» አለ አዛናው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ።»

«ከገዳሪፍ የመጣ ሰው ሱዳኖቹ ለቀቁት ብሎ አወራ። እውነት ነው?»

«አልለቀቁትም። ጉዳዩ ተመለሰ እንጂ።»

«ተመለሰ ማለት ምን ማለት ነው? ዳኛ ወይ ይሰቅላል፣ ወይ ይለቃል። ሦስተኛ ነገር አለ እንዴ?»

«አለ» አለ ደመቀ። «እኔም አላውቅም ነበር። እስኪጣራ በጥበቃ መቆየት አለ። አልተፈረደበትም፣ አልተፈታም። እኔ ነኝ ጠባቂው።»

አዛናው ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው። ክላሹን ከትከሻው አወረደ። «የወንድምህ ደም ሐፊር ውስጥ ይጮሃል፣ አንተ የገዳዩ ዘበኛ ሆነሃል። ፍታውና ዞር በል።»

«ከፈታሁት እረታለሁ፣ አያ።»

«ማን ያይሃል? እዚህ ያለነው የአንድ አባት ልጆች ነን። ለፖሊሱ ፈትቶ አመለጠ፣ ጎርፍ ወሰደው እንለዋለን። ግራዝማችም ቢሆኑ አርጅተዋል፣ ያምናሉ።»

ጀማሉ ደመቀ እያወላወለ መሆኑ ገባው። እስትንፋሱን ውጦ የደመቀን እጅ ብቻ ተመለከተ። እጁ ከጉልበቱ ተነሳ፤ ቋጠሮው ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆየ። ሳፊያ አሁን ሱቁ በር ላይ ሆና ትራክተሩን በጆሮዋ ትጠብቅ ይሆናል፤ ከዚህ እስከ ሱቁ ጮክ ብሎ ቢጣራ ይሰማል።

«አያ» አለ ደመቀ ቀስ ብሎ፣ «ትንሽ ብንታገስ ምን አለበት? ባሕሪያ ዳኛ ፊት ቀርባ ያየችውን ትናገራለች። ጉዳዩ የተመለሰውም ለሷ ነው። እሱ ነው ካለች ማን ያስጥለዋል? በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ዶሮዬ ይላል ሰው። የወንድሜ ደም ያለ ፍርድ አይቅር።»

«ባሕሪያ!» አለ አዛናው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። «ያቺ ባሕሪያ ደግሞ ምን አይታ ነው የምትናገረው? ጀርባዋን ሰጥታ ከዚያች ግትር አህያ ጋር ስትታገል፣ ንፋሱ የተጎናጸፈችውን ቀይ ቶብ ገልቦ ፊቷን ሸፍኖባት፣ ቀና እንኳ ሳትል በርሜሏን ሞልታ ነው የሄደችው። እሷን ብሎ ምስክር!»

ኮከብ መጥረቢያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሊያዛውር አንስቶት ነበር፤ አየር ላይ ቀረ። ጀማሉ መጀመሪያ አልገባውም። የገባው ደመቀ ጋቢውን ስቦ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ነው።

«አያ» አለ ደመቀ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ፣ «አንተ ያን ቀን ፋው አልነበርክም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ቶቧ ቀይ እንደነበር ማን ነገረህ?»

«ሰው ነገረኝ።»

«የቱ ሰው? ፋይሉ ላይ ስሟ ብቻ ነው ያለው። ዳኛው እንኳ ምን ለብሳ ነበር አላሉም።»

«ሰው አልኩህ! ከገዛ አጎትህ ጋር ልትሟገት ነው?»

«ዓባይነህ ከፋሲካ ወዲህ ካንተ ጋር አይነጋገርም ነበር» አለ ደመቀ። ለአዛናው ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስላል። «ምን ሆናችሁ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሆድ ይፍጀው አለኝ። እኔም ተውኩት። ምነው አጥብቄ በጠየቅኩት።»

አዛናው ክላሹን አቀባበለ። አፈሙዙ መጀመሪያ ጀማሉ ላይ ነበር፤ ትንሽ ወዲህ ወዲያ አለና ከሁለቱ መካከል፣ ልክ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርህ። ፍታው።»

ደመቀ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እሺ፣ አያ። እፈታዋለሁ።»

የጀማሉ ነፍስ ያኔ ከሥጋው የወጣች መሰለው። ዓይኑን ጨፈነ፤ ሸሃዳውን በልቡ ጀመረ። ቋጠሮው በዝናብና በላብ ረጥቦ ጠብቋል፤ ደመቀ በጣቱ ሞከረው፣ አልሆነም፤ ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ሳበው። ጀማሉ የጥርሱን ድምፅ ሰማ። ጋቢው ላላ፣ ከትከሻው ሸርተት አለ። ስንት ቀን ሙሉ ይኼ ነገር በተፈታልኝ ብሎ ሲጸልይ ከርሟል፤ አሁን ሲፈታ ብርድ ብርድ አለው።

«ጀማሉ» አለው ደመቀ፣ «ተረትቻለሁ።»

ከዚያ ተነሳ። አዛናው የወንድሙ ልጅ ጀማሉን አሳልፎ የሚሰጠው መስሎት ክላሹን ዝቅ አድርጎ ተጠጋ። ደመቀ ከተጎታቹ ዘልሎ ጭቃው ውስጥ ቆመና በአንድ እጁ የአዛናውን ጋቢ ጫፍ ያዘ፣ በሌላው የራሱን። በእጁና በጥርሱ ሁለቱን ጫፎች አጥብቆ ቋጠረ፤ አጎቱ ነገሩ ሳይገባው ተቋጠረ።

«በሕግ አምላክ፣ አያ አዛናው! በወንድሜ ደም ከስሼሃለሁ። ኮከብ፣ አንተ ምስክር።»

አዛናው ወደ ኋላ ተሳበ፤ ደመቀም አብሮ ተሳበ። ክላሹን ሊያነሳ ሲል ኮከብ መጥረቢያውን ጭቃው ላይ ጥሎ አፈሙዙን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ሕግ ተጠራ፣ አያ» አለው፣ እያለቀሰ። «ሕግ ተጠርቶ አይተኮስም። ልቀቀው።» ዱላ የያዘውም ሰው መጥቶ ከጎን ቆመ። አዛናው ከፊት ወደ ፊት አያቸው። የገዛ ሰዎቹ ናቸው፤ በአንዳቸውም ዓይን ውስጥ መውጫ አላገኘም። ጣቱ አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ ተላቀቀ።

ሉጥፊ ሌላ ትራክተር አስከትሎ ሲመለስ ከነበረበት ቆሞ ቀረ። የተወው ቋጠሮ አለ፤ ቋጠሮው ውስጥ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። ኮከብ ነገሩን ከነክላሹ አስረከበው። ሽማግሌው ፖሊስ ሰምቶ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና ፋይሉን ከብብቱ አውጥቶ አየው።

«ይኼን ሁሉ ሀዋታ ይሰማል» አለ። «ግን እዚህ ያለው ስም ያንተ ነው፣ ጀማሉ። ዳኛ እስኪል ድረስ አንተም ሂራሳ ነህ። ማሌሽ፣ ይቅርታ። አሁን አንተን ማን ይያዝህ?»

ጀማሉ ዙሪያውን ተመለከተ። የሚይዘው የለም። ማሽላው ውስጥ ቢገባ ማንም አይከተለውም፤ ከማሽላው ወዲያ ሱቁ፣ ሱቁ ውስጥ ሳፊያ። የጋቢውን ባዶ ጫፍ ትከሻው ላይ ጣለና በገዛ ፈቃዱ እዚያው ተጎታቹ ላይ ቀረ። «ራሴን እይዛለሁ» አለ።

ትራክተሩ ተጎትቶ ወጣና ጉዞው ቀጠለ። አዛናው አልተናገረም፣ አልለመነም፤ ዓይኑን የደመቀ አንገት ላይ ተክሎ ይሄዳል። ኮከብ በእግሩ ይከተላል። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ደመቀ የሚቀምሰው እንዳለ እንኳ ትዝ አላለውም። ጀማሉ ከኮዳው ውሃ ሰጠው። ጠጣ፣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

የሀዋታ ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ ደመቀ ወደ ጀማሉ ዘንበል አለ። አጎቱ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ሦስታችንን አንድ ክፍል ነው የሚያስገቡን» አለ። «አልፈታውም። እንቅልፍ ግን ሳይጥለኝ አይቀርም፣ ደክሞኛል። ከጎኔ አትራቅብኝ።»

ጀማሉ አዛናውን አየው፤ ከዚያ ደመቀን።

«አንተ ተኛ» አለው። «እኔ ነቅቶ ማደር ለምጃለሁ።»